ለአርባው ቀን ያቆምኩት ኪኒን

ወንድሜ በተቀበረ ቀን አላለቀስኩም። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለንም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የማይታወቀውን እየቆየሁ አወጣዋለሁ።

አልፈለግኩም ሳይሆን አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ፣ አንድ ነገር ከደረቴ ተነሥቶ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይመለስ። ዓይኔን ጨፍኜ ስለ እሱ አሰብኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአገር ቤት ሐዋሳ አምጥቶ ያስተማረኝን፣ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው የፍራሽና የብርድ ልብስ ሱቁ ጥግ ደብተሬን ይዤ ስቀመጥ እንዳልረበሽ ብሎ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የሚከራከረው በሹክሹክታ የነበረውን ሰው አሰብኩ። ምንም። ቀብሩ አለቀ፣ ንፍሮው ቀረበ፣ ዓይኔ እንደደረቀ ቀረ።

የወንድሜ ሚስት ግን አለቀሰች። ልቅሶ ታውቅበታለች፤ ይህን አልክዳትም። ሙሾ ስታወርድ ወንዶቹ እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ። እናታችን የሞተች ጊዜ ከእኛ ከልጆቿ በልጣ አልቅሳ፣ አገር ቤት ያሉት እስከ ዛሬ "ምራት ማለት እሷ ናት" ይላሉ። በዕድሜ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። በአፌ "እትዬ" እና "እርስዎ" እያልኳት አርባ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። በወረቀት ላይ ግን አላደርገውም። እዚህ "እሷ" ናት።

በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ የወንድሜን ፎቶግራፍ በየተራ እያቀፉ ያለቅሱ ነበር። ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ የኖረው ባለ መስታወቱ ትልቁ ፎቶ ነው። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ፎቶውን ያቀፈችው ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ሲደክማት ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። አቀፍኩት። እህቱ ናት፣ አሁን ይወጣላታል ብለው ጠበቁኝ። ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ይሰማ ነበር። ያኔ የወንድሜ ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ፎቶውን ከእጄ ወሰደች።

"አምጪው" አለች። "አንቺ ጋ ይበርደዋል።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ማድረግም አላስፈለጋት።

ስለ ብርድ እሷ ልትነግረኝ አይገባም ነበር። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ የአራት ዓመት ልጄን ይዤ እነሱ ቤት ተጠግቼ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት መጥታ፣ የተኛንበት ብርድ ልብስ የሱቁ ዕቃ መሆኑን፣ ሳይቆሽሽ ቢመለስ እንደሚሻል ነገረችኝ። አጥፌ ሰጠኋት። በዚያው ሳምንት ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ዛሬም የምኖረው ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ወንድሜ ያን ብርድ ልብስ በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እሷም እስከ ዛሬ የሸጠው ነው የሚመስላት።

እንግዲህ የማይታወቀው ይኸውና።

በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጄም ሥራ አግኝታ አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት ምን እንደሆንኩ በደንብ አላስታውስም። መነሣት አቃተኝ። ድስት ሳይጣድ ይመሻል። አለቅሳለሁ፤ ስለ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ውኃ እንደሚያፈስ ቧንቧ። አገኘኝ የምለው ነገር አልነበረም። ልጄ መጥታ አይታኝ ደነገጠችና ወንድሜን ጠራችው። ሁለቱ ተማክረው የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ አንድ ነርስ ወሰዱኝ። ነጭ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ። ወር ከምናምን በኋላ ተነሣሁ። ልብሴን አጠብኩ። ሽንኩርት ገዛሁ። ያን ያላየ ሰው ሽንኩርት መግዛት ምን ያህል ነገር እንደሆነ አይገባውም።

መድኃኒቱን የሚያመጣልኝ ወንድሜ ነበር። በዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ዘመዳችን፣ ግማሹ የሱቁ ደንበኛ ነው። እኔ መሃል ከተማ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ቆሜ ያንን ወረቀት ባቀርብ፣ ሳልመለስ ወሬው ቤቴ ይደርሳል። "አንቺ አትታዪ፣ እኔ እሄዳለሁ" አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ከሙዙ ሥር ፓኮው ይኖራል። አንድም ቀን ስሙን ጠርቶት አያውቅም። "ሙዙን እንዳትረሺው" ይለኝና ይሄዳል።

ኪኒኑ ልቅሶዬን አቆመልኝ። እስከ መጨረሻው አቆመልኝ ማለቴ ነው። ነርሱ ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ስሜቱ ይደነዝዝበታል፣ ካስቸገረዎት ይንገሩኝ፣ መጠኑን እናያለን ብሎኝ ነበር። አላስቸገረኝም። ሦስት ወር ያለቀሰች ሴት ዓይኗ ሲደርቅ አቤት አትልም። ያስቸገረኝ ወንድሜ የሞተ ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደህና የነበረ ሰው፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደረቱን ይዞ ወደቀ።

ከሠልስቱ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ማሰብ የጀመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በአርባው ተዝካር ይወጣል፤ የቀብሩ ቀን ያልደረሱ ዘመዶች ሁሉ ከአገር ቤት ይመጣሉ። እንደገና ድንኳን ይተከላል። እንደገና ያ ፎቶ ይዞራል። በዚያ ቀን ካላለቀስኩ "ወንድሟን ሳታለቅስ የቀበረች" ተብዬ እቀራለሁ፤ ያን ስም ደግሞ የምታወጣልኝ እሷ ናት። ማልቀስ ነበረብኝ። እንዳላለቅስ ያደረገኝ ደግሞ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በተቀበረ በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት ኪኒኑን አልዋጥኩም። አሥራ ስድስት ቀን አለኝ ብዬ ቆጠርኩ። ማንንም አላማከርኩም። ማንን ላማክር? የማማክረው ሰው ነው የሞተው።

ሁለት ቀን ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ራሴን ታዘብኩት፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ለካ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ስነሣ ወለሉ እንደ ጀልባ ዘንበል አለ። በአራተኛው ቀን ነዘረኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የነካ ሰው እንደሚነዝረው፣ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ፣ ለአንድ ቅጽበት። ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ዝዝ ይላል። ከጆሮዬ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ከንፈሬ ይደርሳል። ደግሞ ላብ፣ ደግሞ ማቅለሽለሽ። እንቅልፌ በቅዠት ተሞላ፤ በቅዠቴ ሁሉ ብርድ ልብስ አጥፋለሁ፣ አያልቅም።

እልኸኛ ነኝ። እጄ ወደ ኪኒኑ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ሲሄድ ባየሁት ጊዜ ተናደድኩ። የቀሩትን ፍሬዎች በሙሉ አውጥቼ ሽንት ቤት ጣልኳቸው፣ ባልዲ ውኃ ደፋሁባቸው። ከወንድሜ እጅ የተቀበልኳቸው የመጨረሻዎቹ ነበሩ። ይህን ያስተዋልኩት ባልዲውን አስቀምጬ ስቀመጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ መላ መፈለግ ጀመርኩ። የሚነዝረኝ ዓይኔን ብቻ ሳዞር መሆኑን ስለደረስኩበት፣ ዓይኔን ትቼ መላ ሰውነቴን ማዞር ለመድኩ። ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ የሚቆም አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ አለ፤ ራሱ በራ፣ አንገቱ ተሰብስቦ፣ አንድ ነገር ሊያይ ሲፈልግ ከነእግሩ ይዞራል። እኔና እሱ እየተያየን ሰነበትን። ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ። ሎሚ አሸታለሁ። ገላዬን ተቀምጬ እታጠባለሁ። ገበያ መሄድ ካለብኝ ባጃጅ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

እንባው በስድስተኛው ቀን መጣ።

የመጣው ግን በማይሆን ቦታ ነው። ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ሴት ነጭ ሸሚዝ አጥባ ለባሏ ታሳየዋለች፤ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ፣ ነጠላዬ እስኪርስ። ለወንድሜ ብዬ ያዘጋጀሁት እንባ ለሳሙና ፈሰሰ። በማግስቱ ማንኪያ ከእጄ ወድቆ አለቀስኩ። ባጃጅ ነጂው ከቤቴ አንድ መንገድ ቀድሞ ስላወረደኝ አለቀስኩ፤ ምስኪኑ ልጅ ሂሳቡን ሳይቀበል ሄደ። እንግዲህ መጥቷል ብዬ፣ ወንድሜ ከልጄ ጋር የተነሣውን ፎቶ አውጥቼ ፊቴ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሳየው ቆየሁ። ደረቅ። ፎቶውን መልሼ መሳቢያውን ስዘጋ ጣቴን ቆነጠጠኝ፤ ያኔ ለጣቴ አለቀስኩ።

ፍርሃት የያዘኝ ከዚያ በኋላ ነው። የቀረኝ ጥቂት ቀን ነው። ሰውነቴን እንዲህ አዋርጄው፣ እንባው ለሁሉም ነገር ሲመጣ ለእሱ ብቻ አልመጣም ቢልስ?

ልጄ በስልክ ድምፄ አላማራትም። ስለ ተዝካሩ እህል ስትጠይቀኝ ጮህኩባት፤ ቃሌን መድገም አልፈልግም፣ ለልጅ የሚነገር አልነበረም። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣ "እማ፣ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?" አለችኝ። እየወሰድኩ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ነገ ነርሱ ጋ ካልሄድሽ ማታ ተሳፍሬ እመጣለሁ አለች። ከመጣች ደግሞ ሁሉ ነገር ይወጣል። ሄድኩ።

ነርሱ ወጣት ነው፤ ምን ያህል ወጣት እንደሆነ ከፊት ለፊቱ ሲቀመጡ ነው የሚታየው። "ማዘር" እያለ ይጠራኛል፤ አልወደውም፣ ነግሬውም አልተወም። አረማመዴን ከበሩ ጀምሮ ሲያይ ቆየና መቼ እንዳቆምኩ ጠየቀኝ እንጂ አቁሜ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ስምንት ቀን ሆነኝ አልኩት። ቀስ በቀስ ቀንሼ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? በአንድ ጊዜ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሚነዝረኝን፣ የሚያዞረኝን፣ እንባውን ሁሉ ሳልነግረው እሱ ነገረኝ። በሽታዎ ተመልሶ አይደለም አለኝ፤ ሦስት ዓመት የለመደውን ነገር ሰውነትዎ በአንድ ጠዋት ተነጥቆ ግራ ገብቶት ነው። ዛሬውኑ ይመለሱበት፤ ማቆም ከፈለጉ እኔ አስቆምዎታለሁ፣ ግን በወራት እንጂ በቀን አይደለም። ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነም በቀጥታ ጠየቀኝ። አላሰብኩም፤ እውነቴን ነበር።

"ከስምንት ቀን በኋላ እጀምራለሁ" አልኩት።

"ለምን ስምንት ቀን?"

"ጉዳይ አለኝ።"

"ምን ዓይነት ጉዳይ ነው መድኃኒት የሚያስቆም?"

"የቤተሰብ ነው።"

አፍጥጦ አየኝ። "ማዘር፣ ይወድቃሉ እኮ። በዕድሜዎ ወድቆ መነሣት እንደ ድሮው አይደለም።"

"ከወደቅኩ ያነሡኛል" አልኩት። ማዘዣውን ጽፎ ሰጠኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መድኃኒት ቤት አልሄድኩም። ጉዳዩ የስምንት ቀኑ ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒት ቤት ሄጄ አላውቅም። ለልጄ ደውዬ ሄጃለሁ፣ ማዘዣ ተሰጥቶኛል አልኳት። ውሸት አልነበረም።

የአርባው ቀን ደረሰ። ሐሩሩ ከጠዋት የጀመረበት ቀን ነበር። ምንም ሳልቀምስ ሄድኩ፤ ብቀምስ ስለማይረጋልኝ። ድንኳኑ በዚያው ቦታ ተተክሏል፣ የእድሩ አግዳሚዎች በዚያው ተደርድረዋል። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከፊት፣ ሁሉ በሚያየኝ በኩል። መላ ሰውነቴን እያዞርኩ ሰላምታ ሰጠሁ። አንዷ፣ ኩራቷ አልለቀቃትም እንዴ፣ አንገቷን እንኳ አትመልስም ስትል ሰማኋት። አባ ኮዳው ትዝ አለኝ፤ ልስቅ ነበር። ያን ጊዜ ብስቅ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከሌላ አገር ነበር።

ከቀትር በፊት ከአገር ቤት የመጡት ዘመዶች የተሳፈሩበት መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ገና ሳይወርዱ ጩኸቱ ተሰማ። ሴቶቹ ተነሡ። ከሩቅ የመጣ ሐዘንተኛ ብቻውን እያለቀሰ አይገባም፤ የሟች የቅርብ ሰው ወጥቶ መቀበል አለበት። የወንድሜ ሚስት ፎቶውን ይዛ ነበር። ልትወጣ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች። ሁሉም እያያት ፎቶውን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ዛሬስ?" አለችኝ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አቅፌው ተነሣሁ። ወደ በሩ ሄድኩ። የአጎቴ ልጆች ደረታቸውን እየመቱ፣ የወንድሜን ስም እየጠሩ መጡ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፣ ቃል ገብቼአለሁና። ስለ እሱ አላሰብኩም። ያሰብኩት እላዩ ላይ እንዳላስመልስ ብቻ ነው። ሆዴ ወደ ላይ መጣ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ ከዓይኔ ውኃው ወረደ። አንዷ ከግራዬ ክንዴን ያዘች፤ ማን እንደሆነች ለማየት ዓይኔን አዞርኩ። ነዘረኝ። እንደዚያ ቀን ነዝሮኝ አያውቅም። ድንኳኑ ተገለበጠ።

ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። መስታወቱ ከሥሬ ተሰብሯል፣ መዳፌ ደምቷል፣ ፊቴ በእንባ ርሷል፣ በላዬ የሚሰማው ልቅሶ ጣሪያ የለውም። "እህት ማለት ይህች ናት!" ትላለች አንዷ። "አምቃው ነው እንጂ፣ አምቃው ነው" ትላለች ሌላዋ። አርባ ቀን የፈለግኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኘሁ።

ተሸክመው ወደ ቤት አስገቡኝ። የወንድሜ ሚስት ሁሉንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። ያስተኛችኝ በእነሱ አልጋ ላይ ነው፤ በእሱ በኩል። በአርባ ስምንት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ከመዳፌ ስብርባሪውን ለቅማ አጠበችው፣ በጨርቅ አሰረችው። ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጨካኝ ናት ብዬ ነበር" አለች። "ዛሬ ግን አየሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለልጆቼም አልነገርኳቸው።"

ከራስጌው ያለውን መሳቢያ ከፈተች። ያወጣችውን ሳየው አወቅኩት። ያው ፓኮ፣ ገና ያልተከፈተ። ለሚቀጥለው ወር አስቀድሞ የገዛልኝ፣ ሳያመጣው የሞተው።

ወንድምሽ የነርቭ ሕመምተኛ ነበር አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ኮት ኪሱ ውስጥ አግኝታው ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ የእኔ ነው አላት፤ ጭንቀት አለብኝ፣ እንዳትናገሪ ብሎ አስማላት። አልተናገረችም። ግን ያሳመመው ማን እንደሆነ የሚገባት መሰላት። በዚያው ሰሞን ነበር እኔ ዘንድ መመላለስ ያበዛው፤ በእህቱ ጭንቀት ነው የታመመው አለች፣ ቂሙን ያዘችብኝ። "እዚያው ድንኳን ውስጥ ዓይንሽ ደርቆ ሳይሽ፣ አሳምማው ነው የገደለችው፣ አሁን ደግሞ አታለቅስለትም አልኩ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ልቅሶዬ ተመስክሮልኛል፤ ከሕክምናው ቤት ውጭ ምስጢሬን ከወንድሜ በቀር የሚያውቅ የዚህ ከተማ ሰው የለም፣ እሱ ደግሞ ተቀብሯል። እሱ ራሱ ነው በሽታዬን ወስዶ ራሱ ላይ ያስቀመጠው። ዝም ብል እንደ ፈቀደው ማደሬ ነበር። ከደግነቴ አይደለም የተናገርኩት። ራሴ እየነዘረኝ ነበር፣ መድኃኒቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

ፓኮውን ከእጇ ወሰድኩ። ከፈትኩት። አንድ ፍሬ ገፍቼ አወጣሁና በቀረው የስኳር ውኃ ዋጥኩት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ተነሥታ ቆመች። "የሙት መድኃኒት ነው!"

"የእኔ ነው፣ እትዬ።"

አልገባትም። ቦርሳዬን አቀብይኝ አልኳት፤ አቀብይኝ ማለቴን ያስተዋልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ማዘዣውን ዘረጋሁላት። ማንበብ ትችላለች። ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ፓኮው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሁለቱን አጠጋግታ አየች። ውጭ ሳህን ይንኳኳል፣ እድርተኞቹ ምግብ እያቀረቡ ነው።

"ሦስት ዓመቱን?" አለች።

"ሦስት ዓመቱን።"

"እሱ አልዋጠም?"

"አንዲት ፍሬ አልዋጠም።"

ተመልሳ ተቀመጠች። "ጠዋት ጠዋት አጥሚት እሠራለት ነበር" አለች፤ ለእኔ አይደለም የምትነግረው፣ ለመጋረጃው ነው። "ለነርቭ ጥሩ ነው ብለውኝ። ሦስት ዓመት። አጥሚት አይወድም ነበር።"

"ይጠጣው ነበር?"

"ጭልጥ አድርጎ። ጸበልም ወስጄዋለሁ። በዚያ ብርድ ሦስት ሱባዔ ሙሉ አስጠመቅኩት። 'ተሻለህ?' ስለው 'በጣም' ይለኝ ነበር።"

ከአፏ የወጣው በመጀመሪያ ሳቅ መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ አልነበረም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ምንም ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሙሾ የለ፣ ስም መጥራት የለ፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ድምፀ መረዋ ሴት እንዲህ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዓይኔ ደረቅ ነው። ሊመጣ የሚችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር፤ አልመጣም።

ሲበርድላት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ያን ቀን 'ይበርደዋል' ያልኩሽ..." አለችና ቆመች።

ጠበቅኳት። ቃሉን እንድትጨርሰው ጠበቅኳት። ልረዳት እችል ነበር፤ "ይቅር፣ እትዬ" ብል ይበቃት ነበር። አላልኩም። አልጨረሰችውም። ተነሥታ በሩን ከፈተችና ለሴቶቹ፣ ደህና ናት፣ ሐዘኑ ነው፣ ትረፍ አለቻቸው።

ለማንም አልተናገረችም። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል። ብትናገር ኖሮ ቂሜን እንደያዝኩ እሞት ነበር፤ ምስጢሬን ጠብቃ አበላሸችብኝ። የዘመድ ጉባኤ በተደረገ ቁጥር የአርባው ቀን አወዳደቄ ይነሣል። ያንን እንባ አምነውታል፤ ያመኑት እንባ ኪኒን ማቋረጥ ያመጣው ነው። ያላመኑት ድርቀቴ ግን እውነተኛ ሐዘን ነበረው፤ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን አውቀዋለሁ። በሙት ዓመቱ ዓይኔ ደርቆ ተቀመጥኩ፣ ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ጊዜ የወደቀች ሴት ሁለተኛ አልቅሺ አትባልም።

ወደ መድኃኒቱ በተመለስኩ በአራተኛው ቀን መንዘሩ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተወኝ። አሁን በነርሱ ትእዛዝ እየቀነስኩ ነው። ፍሬዋን በምላጭ ለሁለት እከፍላታለሁ፤ ከዚህ በታች ከመውረዴ በፊት ሁለት ወር እቆያለሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሩቧን ብቻ ወስጄ ዓለም ሲዞርብኝ ተመልሻለሁ፤ ነርሱ ተቆጣኝ፣ "ማዘር" ብሎ ነው የተቆጣኝ። መድኃኒት ቤት የምሄደው ራሴ ነኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳልጥል። የወንድሜ ሚስት እኔ ላምጣልሽ ብላ ነበር። አልፈለግኩም አልኳት። ወሬው ቤቴ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ እስካሁን አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ እኔ በር አልከፈትኩለትም።

ለወንድሜ እስካሁን አላለቀስኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛልኝ ትመጣለች። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እስክጠጣው ድረስ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ብዙ አንነጋገርም። "ተሻለሽ?" ትለኛለች ስትነሣ።

አጥሚት አልወድም። እጠጣዋለሁ። "በጣም፣ እትዬ" እላታለሁ።